ርስት የሌለው እግር

ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የወገራ ደጋ ገበሬ ከውጭ የሚፈልገው ነገር ጥቂት ነበር። ገብሱን ራሱ ያመርታል፤ በርኖሱ ከበጉ ጠጉር ይሠራለታል፤ ጠፍሩና አቆማዳው ከበሬው ቆዳ ይወጣል፤ ማሩ ከቀፎው፣ ቅቤው ከጓዳው ነው። ልጁ ክርስትና ሲነሣ በአንገቱ የሚታሰረው ማተብ ግን ከደጋው አይበቅልም። ሰማያዊው ሐር ባሕር ተሻግሮ በምጽዋ ይገባል፤ በአድዋ አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ የሊማሊሞን ገደል ወጥቶ ወገራ የሚደርሰው በአብዛኛው በእስላም ነጋዴ ጭነት ውስጥ ተሸጉጦ ነው። የክርስቲያን ምልክት የሆነውን ክር በክንዱ ለክቶ የሚሸጠው ይኸው ጀበርቲ የሚባለው የደጋው እስላም ነበር። ገዢዋም ሻጩም ነገሩ አይገርማቸውም፤ እኔን ግን ከነጋዴው ታሪክ ሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ ይህ ነው።

ለምን እሱ? መልሱ መሬት ላይ ነው። በደጋው ሰው የሚባለው ርስት ያለው ነበር። ርስት ከአያት ቅድመ አያት የሚወረስ፣ በዘር ቆጠራ የሚገኝ፣ ከደብሩና ከግብሩ ጋር የተሳሰረ መብት ነው። እስላሙ በክርስቲያኑ አገር እየኖረ ከዚህ መብት በአብዛኛው ውጭ ነበር፤ ቤተ እስራኤሉም እንዲሁ። መሬት ተከራይቶ ወይም እኩል አርሶ መብላት ይችል ይሆናል፤ የእኔ ነው ብሎ ለልጁ ሊያወርሰው ግን አይችልም። ስለዚህ የሚወርሰው ሌላ ነገር ፈለገ። ጀበርቲው ንግድንና ሽመናን፣ ቤተ እስራኤሉ ወናፍንና ሸክላን ያዘ። ገበሬው ደግሞ ለእሱ የማይገባ ሥራ ነው ብሎ የናቀውን ሙያ ሌሎች ስለያዙት ኑሮው ተሟላለት። ንቀቱም ጥቅሙም ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው።

አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ ሲያደርጉ ከተማዋ ለንግድ የተመቸች ነበረች። ወደ ሰሜን ምጽዋ፣ ወደ ምዕራብ በጭልጋና በመተማ ሱዳን፣ ወደ ደቡብ በይፋግና በደሪጣ አድርጎ ጎጃም፣ ከዚያም ዓባይን ተሻግሮ እስከ እናርያ የሚዘልቁት መንገዶች እዚህ ይገናኛሉ። ነጋዴ እንደሚያስፈልግ ነገሥታቱ ያውቁ ነበር፤ አብሮ እንዲኖር ግን አልፈለጉም። በፋሲል ልጅ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1660 ዓ.ም.፣ ጎንደር ላይ የተሰበሰበ ጉባኤ እስላሞችና ቤተ እስራኤሎች ከክርስቲያኑ ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲኖሩ ወሰነ። ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው፣ ቀድሞ እስላም ቤት ይባል የነበረው ሰፈር ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ዝቅ ብሎ የሚገኘው በዚህ ታሪክ ነው። በ1691 ዓ.ም. አፄ ኢያሱን ሊያክም ከሱዳን በኩል የመጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ እስላሞቹ በከተማዋ ዝቅተኛ ክፍል ለብቻቸው እንደሚኖሩና ክርስቲያኖቹ አብረዋቸው በገበታ እንደማይቀርቡ ጽፏል። ወደ ግቢው የሚገባው ሐር፣ ምንጣፍና ሽቶ ግን ከዚያው ከዝቅተኛው ሰፈር ይወጣ ነበር።

ስለ ሲራራ ነጋዴ ስናወራ ረጅም የአህያና የበቅሎ ሰልፍ በዓይናችን ይመጣል። ሰልፉ ግን ዘፈቀደ አልነበረም፤ ጊዜ አለው፣ አለቃ አለው፣ ሕግ አለው። ክረምት ሲገባ ተከዜ ይሞላል፣ የከብቱ ጀርባ ይቆስላል፣ ጨው ይሟሟል፤ ስለዚህ ነጋዴ ከሰኔ እስከ መስከረም ቤቱ ነው። ደመራ ከተቃጠለ በኋላ መንገድ ይከፈታል። ሽፍታ ስለሚፈራ ማንም ለብቻው አይወጣም፤ ቅፍለቱ እስኪሞላ አንዳንዴ ሳምንታት ይጠበቃል። ከመሃላቸው አንድ ሰው ነጋድራስ ይሆናል። መንገድ የሚመርጠው፣ ከኬላ ጠባቂ ጋር የሚከራከረው፣ በነጋዴዎች መካከል ጠብ ሲነሣ የሚዳኘው እሱ ነው። ሲመሽ ጭነቱ ወርዶ እንደ ካብ ይደረደራል፣ ቆዳ ይለብሳል፣ እሳት ይነድዳል፤ ጅቡን አህያው፣ ሌባውን ነጋዴው እየጠበቀ ያድራል። (የአህያው ጥበቃ ብዙም እንደማይረዳ አገር ያውቃል።)

በኋላ ዘመን፣ በተለይ ከምኒልክ ወዲህ፣ ነጋድራስ የመንግሥት ሹመት ሆነ፤ ገበያን የሚያስተዳድርና ቀረጥ የሚሰበስብ ባለሥልጣን። መጀመሪያ ግን ቀረጥ ሰብሳቢውን የሚከራከር ሰው ነበር።

ጨውን ሳንነካ ማለፍ አይቻልም፤ ሲራራው በዋነኝነት የሚኖረው በእሱ ነበርና። አሞሌ ከአፋር ምድረ በዳ ተቆርጦ፣ በግመል ወደ ትግራይ ደጋ ወጥቶ፣ በበቅሎና በአህያ ወደ ሰቆጣና ወደ ጎንደር ይጓዛል። አሞሌ ጨው ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ነበር። ወጥ ውስጥ ይጨመራል፤ ዶሮ ይገዛበታል፤ ደመወዝ ይከፈልበታል። ከተቆረጠበት በራቀ ቁጥርም ዋጋው ይጨምራል። በመቐለ በአንድ ማርትሬዛ ብር የሚገኘው አሞሌ ብዙ ነው፤ ጎንደር ሲደርስ ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ዓባይን ሲሻገር ይብሱን ያንሳል። የነጋዴው ትርፍ ያለው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው። ችግሩም እዚያው ነው፤ አሞሌ ጫፉ ከተሸረፈ ወይም ዝናብ ከነካው ዋጋው ይወርዳል። አሞሌውን በልጥ አስረው፣ እንደ እንቁላል ተጠንቅቀው የሚጭኑት ለዚህ ነው። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ ያለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል የሚለው ተረት ጨው በእርግጥም ድንጋይ መስሎ በአህያ ጀርባ ሲዞር በነበረበት አገር የተወለደ ነው።

ለትልቁ ግብይት ደግሞ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ብር ነበር። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ከሞቱ በኋላም ያው ዓመተ ምሕረት እየተቀረጸበት ለረጅም ዘመን ሲመታ ኖሯል። ገበሬው ይህን ብር በቀላሉ አይቀበልም፤ የጌጡን ዕንቁዎች በጥፍሩ እየነካ ይቆጥራል፣ ያረጀና ፊቱ የጠፋ ከሆነ ይመልሰዋል። አንዲት የጃን አሞራ ባልቴት ስለ ቪየና ምንም ሳታውቅ የቪየናን ብር ከሐሰተኛው ትለይ ነበር።

የነጋዴ መከራ ኬላ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ሊማሊሞን ወጥቶ ወደ ጎንደር ሲያልፍ የነጋዴ ጭነት የሚፈተሽበት ኬላ አጋጥሞታል። ዘመነ መሳፍንት ሲበረታ እያንዳንዱ ባላባት በሩ ላይ ኬላ አቆመ። አንድ ወንዝ ለመሻገር፣ አንድ ገደል ለመውጣት፣ አንድ ገበያ ለመግባት ይከፈላል። ነጋዴውም በምላሹ ብልሃት ይፈጥራል፤ የተወደደውን ዕቃ ከርካሹ ሥር ይሸሽጋል፣ በጨለማ ያልፋል፣ ከኬላ ጠባቂው ጋር ወዳጅነት ይመሠርታል። ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ ሰው ሁሉ ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ፣ ገበሬ ይረስ፣ ነጋዴ ይነግድ የሚል አዋጅ አስነገሩ፤ የኬላውንም ብዛት ለመቀነስ ሞከሩ።

እዚህ ላይ የንጉሡን የራሳቸውን ነገር ማንሣት ግድ ነው። በጠላቶቻቸው አፍ ካሳ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ችግር በበረታባቸው ጊዜ ጎንደር ውስጥ ኮሶ ይሸጡ ነበር ይባላል። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር ያኔ ኮሶ የማይጠጣ አልነበረም፤ ጌታውም ሎሌውም በየወሩ በየሁለት ወሩ ይጠጣው ነበር። የሚሸጠው ግን ይናቅ ነበር። ከጠላቶቻቸው አንዱ ደጃዝማች ወንድይራድ ይህን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ፎክሮ ሲዘምት ራሱ ተማረከ፤ ካሳም ኮሶ አጠጡት እየተባለ ይተረካል። ታሪኩ የሚወራው ለቀልድ ነው። ከቀልዱ ሥር ግን የከተማዋ ሥርዓት ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ጉሊት ተቀምጦ መቸርቸር ለመኳንንት ዘር ነውር ስለነበረ ስድቡ ንጉሥን እስከ መንበሩ ድረስ ሊከተል ቻለ።

ሲራራው ጎንደር ገብቶ ጭነቱን ካራገፈ በኋላ ሌላው፣ ትንሹ ነጋዴ ይጀምራል። ይህኛው ቅፍለት የለውም። አንዲት አህያ፣ ወይም ትከሻው ላይ አንድ ስልቻ ብቻ ነው ያለው። ስልቻውን ሲፈታ መርፌ፣ ክር፣ ምላጭ፣ ኩል፣ ዶቃ፣ መስተዋት፣ ሚዶ፣ ከርቤ፣ ቁንዶ በርበሬ ይወጣል። በኋላ ዘመን ክብሪት፣ ሳሙና፣ የኩራዝ ክርና የባትሪ ድንጋይ ተጨመረበት። ቀኑን የሚቆጥረው በገበያ ነው፤ በየሳምንቱ ገበያው ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው ሲዞር አብሮ ይዞራል፣ በቅዳሜ ገበያ ጎንደር ይመለሳል። ከገበያ ውጭ ደግሞ በዓልን ያሳድዳል። በሚካኤል፣ በገብርኤል፣ በማርያም ቀን ገበሬ ሞፈር አያነሣም፤ ስለዚህ ባልም ሚስትም ቤት ይገኛሉ። የክርስቲያኑን የበዓላት ቀን ከደብሩ ዲያቆን እኩል የሚያውቅ እስላም ነጋዴ ነበር ብል ብዙ አላጋነንኩም። ከሁሉ የሚሻለው ወር ጥር ነው፤ እህሉ ገብቷል፣ ሠርግ በየመንደሩ አለ፣ ሙሽራ መስተዋትና ሽቶ ትፈልጋለች።

ግብይቱ በአብዛኛው የቤቱ እመቤት ጉዳይ ነው። ባልየው በሬና በቅሎ ይሸምታል፤ መርፌና ኩል የእሷ ነው። ዋጋውን የምትከፍለው በእንቁላል፣ በቅቤ ወይም በቁና ገብስ ነው፤ በዚያ ቤት ብር የሚታየው ስንት ጊዜ ነው? «በይ እሜቴ፣ ይህን ሐር በዚህ ዋጋ ሌላ ቦታ አታገኝውም፣ ወላሂ!» ይላል። «ማርያምን፣ ባለፈው ሰው በግማሹ ሰጥቶኝ ነበር» ትላለች። እሱ በወላሂ፣ እሷ በማርያም እየማሉ፣ ሁለቱም እንደሚዋሹ እያወቁ ይስማማሉ። ገዝታ ከጨረሰች በኋላ ደግሞ ምርቃት ትጠይቃለች፤ አንድ መርፌ ወይም ጥቂት ቁንዶ በርበሬ ካልጨመረ ስስታም ተብሎ ስሙ እስከ ዳባት ይሄዳል። የሌላት ደግሞ እህል ሲገባ ለመክፈል ትወስዳለች። ጽሑፍ የለም፤ ጎረቤት ይሰማል፣ ይበቃል። ነጋዴው የሚያስከፍልበት ኃይል የለውም፤ ዘመድ የለውም፣ ዳኛውም የእሷ ወገን ነው። ያለው አንድ መሣሪያ በሚቀጥለው ዓመት አለመምጣት ነው። ይህም ቀላል አይደለም፤ ዱቤ የካደች ቤት ያለችበት መንደር ሁሉ ማተብና መርፌ ሊያጣ ይችላል። ጎረቤት ለባዳ የሚመሰክረው በእውነት ወዳድነት ብቻ እንዳልሆነ እጠረጥራለሁ።

ሲመሽበት ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች! ቤት ለእንግዳ!» ይላል። «ቤት የእግዜር ነው፣ ግባ» ይባላል። የመሸበት እንግዳ ማባረር ነውርም ኃጢአትም ነው። እግሩን ይታጠባል፣ አህያው ከከብቱ ጋር ይገባል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ክርስቲያኑ ያረደውን እስላሙ አይበላም፤ እስላሙ ያረደውን ክርስቲያኑ አይነካም። ስለዚህ ሽሮ፣ ቆሎ፣ ወተት ይቀርባል። የለመደ ነጋዴ በሚያድርበት ቤት ለብቻው የተቀመጠ ዋንጫ ሊኖረው ይችላል፤ ይህ ማራቅ ነው፣ ማክበርም ነው፤ የራሱ ዕቃ የተቀመጠለት እንግዳ እንደሚመለስ ይታወቃልና። ቡናን በተመለከተ ሚናው ተገላቢጦሽ ነበር። በሰሜኑ ክርስቲያን ዘንድ ቡና እስከ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ የእስላም መጠጥ ተብሎ ይሸሽ ነበር። ዛሬ ጎንደር ውስጥ ሦስት ጊዜ ሳይጠጣ ከቤት የማይወጣው ሰው ቅድመ አያቶቹ በነጋዴው ጀበና ላይ ፊታቸውን ያዞሩ እንደነበር ቢነገረው አያምንም።

ነጋዴው ከስልቻው ጋር ወሬ ይዞ ይመጣል። የትኛው ራስ ከየትኛው ጋር ተጣላ፣ በየት በኩል አንበጣ ገባ፣ አድዋ ላይ እህል ስንት ነው፣ ያችኛዋ መንደር የተዳረችው ልጅ ወለደች ወይ። በእግሩ የሚዞር እሱ ብቻ አይደለም። ደበሎ ለብሶ አኮፋዳ ያነገተው የቆሎ ተማሪ፣ ከአዝማሪዎቹ መንደር ከቡርቧክስ መሰንቆውን ይዞ የሚመጣው አዝማሪ፣ ጎህ ሳይቀድ በደጅ ቆሞ የሚያዜመው ሐሚና፣ ሁሉም የየራሳቸውን ወሬ ያመጣሉ። ነጋዴው ግን ከእነዚህ ሁሉ ሩቅ ሄዷል፣ ደግሞም ገንዘቡ ስላለበት ወሬውን አጣርቶ ነው የሚይዘው፤ ጦርነት ያለበትን መንገድ የሚሳሳት ነጋዴ ሁለተኛ አይነግድም። በዚህ የተነሣ መኳንንቱ ይፈልጉታል፤ ሰላይ ነው ብለውም ያስሩታል።

ይህን ሁሉ ስተርክ ናፍቆት እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ቅፍለት፣ ከዝባድና ከዝሆን ጥርስ ጎን ሰው ይሸጥ ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ የተፈነገሉ ልጆች በጎጃም አድርገው ጎንደርና መተማ ይደርሳሉ፤ ከዚያም ወደ ምጽዋና ወደ ሱዳን ይነዳሉ። ክርስቲያኑ እንዳይነግድበት ሕጉ ቢከለክልም ባሪያ ከመግዛት አልታቀበም፤ ሥራውን ለእስላሙ ትቶ ዕቃውን እሱ ወሰደ። ንቀትና ጥቅም አብረው የሚሄዱት በማተብ ብቻ አልነበረም።

ሌላው ርስት አልባ፣ ቤተ እስራኤሉ፣ ከስልቻ ነጋዴው የተለየ ዕጣ ነበረው። የሚሸጠውን ራሱ ይሠራል፤ ወንዱ ማረሻና ማጭድ፣ ሴቷ እንስራና ምጣድ። ያለ እሱ ማረሻ ደምቢያ አይታረስም፤ ሆኖም ጠይብ ተብሎ ይናቃል፣ ቡዳ ተብሎ ይፈራል። ሰንበቱን አጥብቆ ስለሚጠብቅ ቅዳሜ አይነግድም፤ በከተማዋ ትልቁ የገበያ ቀን እሱ የለም ማለት ነው። በ1977 ዓ.ም. እና በግንቦት 1983 ዓ.ም. በተደረጉት ትላልቅ የአውሮፕላን ጉዞዎች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በሁለተኛው ብቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ተጓጓዘ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ወለቃ ዛሬም ሸክላ ይሸጣል፤ የሚገዛው ግን በአብዛኛው ቱሪስት ነው። ውኃው በቢጫ የዘይት ጀሪካን ይቀዳል።

ጀሪካኑን ሳይ አየርላንድ ትዝ ትለኛለች። በዚያ አገር ገጠር በጋሪ እየዞሩ ቆርቆሮ የሚበይዱ፣ ባልዲ የሚሠሩ፣ መርፌና ጥብጣብ የሚሸጡ ተጓዦች ነበሩ፤ ገበሬው በጓሮ በር ያስተናግዳቸዋል፣ ዶሮ እንዳይሰርቁበትም ይቆጥራል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የላስቲክ ባልዲ መጣና የቆርቆሮው ሥራ ቀረ። ሥራው ሲቀር መስተንግዶው ቀረ፤ ንቀቱ ግን አልቀረም። የአየርላንድ መንግሥት እነዚህን ሰዎች እንደ አንድ ብሔረሰብ ያወቃቸው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ላስቲክ ሁለቱንም አገር በአንድ መንገድ መታ፤ ጠይቡን ከእንስራው፣ አየርላንዳዊውን ከባልዲው ለያየ።

የጎንደር ነጋዴ ግን ከላስቲክ በፊት ብዙ ተመቷል። ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከተማዋን ዘረፉ፣ አቃጠሉ። በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ አፄ ዮሐንስ አራተኛ እስላሞች ክርስትና እንዲነሡ አዘዙ፤ ብዙ ጀበርቲ ወደ መተማና ወደ ሱዳን ተሰደደ። በጥር 1880 ዓ.ም. ደግሞ መሐዲስቶች ከሱዳን መጥተው አብያተ ክርስቲያኖቿን አነደዱ። ከዚያ በኋላ ንግዱ ወደ ደቡብ፣ ወደ አዲስ አበባና ወደ ጅቡቲው ባቡር አዘመመ። በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመው የዘጌው ተወላጅ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ላይ የተማረከ መኮንን ቤዛ የሚከፍለው አንድ ለጋስ ነጋዴ ነው፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ታሪኩን በነጋዴ ደግነት ማንቀሳቀሱ፣ ደራሲውም ኋላ ነጋድራስ መባሉ የዘመኑን መለወጥ ያሳያል። ቀጥሎ ጣሊያን መጣ። በአምስቱ ዓመት ሊማሊሞን ጠርቦ መኪና አወጣበት፤ ሲራራው ቀናት የሚታገለውን ገደል ፊያት በሰዓታት ወጣው። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ማርትሬዛም አሞሌም ከገበያ መውጣት ጀመሩ።

የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስትን ሽሮ መሬትን ለአራሹ ሲያደርግ እስላሙም ጠይቡም እንደማንኛውም ገበሬ ድርሻ የማግኘት መብት አገኘ። ያኔ አዟሪነት የሚያበቃ መስሎ ነበር። መሬቱ ግን አይሰፋም። በአማራ ክልል ሰፊ የመሬት ሽግሽግ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ ልጅ የነበረ ወይም ከዚያ ወዲህ የተወለደ ሰው ያለው ተስፋ የአባቱን ጥማድ ከወንድሞቹ ጋር መካፈል ነው። ዛሬ ጎንደር ፒያሳ ላይ ካልሲ፣ የስልክ ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ በደረቱ ይዞ የሚዞረው ልጅ ከበለሳ ወይም ከጃን አሞራ የመጣ የክርስቲያን ገበሬ ልጅ ቢሆን አያስገርምም። ኬላው የለም፤ ደንብ አስከባሪ አለ። አስፋልት ዳር ሸራ የሚያነጥፈው ጓደኛው የሸራውን አራት ጫፍ በገመድ አስሮ ገመዶቹን በእጁ ይዟል፤ ፉጨት ሲሰማ አንድ ጊዜ ይስብና ሱቁን በሙሉ ትከሻው ላይ ጥሎ ይሮጣል።